የባግዳዱ የቁርኣን ጸሐፊ ያቁት

በ656 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1258) የሞንጎል ጦር ባግዳድን ሰብሮ ሲገባ፣ አንድ የቁርኣን ጸሐፊ ብዕርና ቀለም ይዘው ወደ ሚናራ እንደ ወጡ ይተረካል። ወረቀት አልነበራቸውም። ስለዚህ በበፍታ ጨርቅ ላይ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ተማሪያቸው እየሮጠ መጥቶ ከተማው እያለቀ መሆኑን ቢነግራቸው፣ የጻፉትን አሳይተው ዓለምን የሚያህል ነገር ስለ ተሠራ እንዳያዝን መከሩት ይባላል።

ይህን ታሪክ በወጣትነቴ ስሰማ ልቤ ሻክሮ ነበር። ታች ሰው እየታረደ ላይ ፊደል ማሳመር ምን የሚሉት ነው? ዛሬም ጨርሶ አልተዋጠልኝም። የሰውዬውን ሙሉ ሕይወት ካወቅሁ በኋላ ግን ለመፍረድ አልቸኩልም።

ጀማሉዲን ያቁት አልሙስተዕሲሚ በባርነት በመጨረሻው የባግዳድ አባሲይ ኸሊፋ በአልሙስተዕሲም ቤተ መንግሥት ያደጉ ናቸው። ቅጽላቸውም ከጌታቸው ስም የመጣ ነው። ያቁት ማለት የከበረ ድንጋይ ነው፤ በዚያ ዘመን ለባሮች እንዲህ ያለ ስም ማውጣት የተለመደ ነበር።

ከእርሳቸው በፊት ኢብን ሙቅላና ኢብኑል በዋብ በዚያችው ከተማ የፊደልን ልክና ሚዛን አበጅተው ነበር። ያቁት የሸምበቆውን ብዕር ጫፍ በሰያፍ ቆረጡት። ልጅ ሆነን በሉሕ ላይ የጻፍን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ብዕሩ ሲዞር ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ጥርት ብሎ ይለያል። ሱሉስ፣ ነስኽ፣ ሙሐቀቅ፣ ረይሓኒ፣ ተውቂዕና ሪቃዕ የሚባሉት ስድስቱ የአጻጻፍ ዓይነቶች በእጃቸው ተሟሉ። በዚህ ረመዳን በየቤታችን የምንከፍተው ሙስሐፍ በአብዛኛው በነስኽ የተጻፈ ነው።

ኸሊፋው ተገደሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ያቁት ግን ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ያህል ኖሩ። ሞንጎሎች በሾሙት የባግዳድ ገዥ፣ በታሪክ ጸሐፊው በዐጣ መሊክ አልጁወይኒ ጥላ ሥር ሆነው ሙስሐፍ መጻፋቸውን፣ ተማሪ ማውጣታቸውን ቀጠሉ። ዝናቸው ከመግነኑ የተነሣ ሌሎች ጸሐፊዎች በሥራቸው ላይ የእርሳቸውን ስም ይፈርሙ ነበር፤ ዛሬ የትኛው የእጃቸው እንደ ሆነ መለየት ባለሙያን ያደክማል። በ698 ሂጅራ እዚያው ባግዳድ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኦቶማኑ ሼኽ ሐምዱላህ የያቁትን ሥራ አጥንተው የራሳቸውን መንገድ አወጡ።

ባግዳድ ያን መሰል ቀን በእኛም ዘመን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ሚያዝያ ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱና የአውቃፍ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠሉ፣ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየሙም ተዘረፈ። ከዚያ በፊት በነበሩት 13 የማዕቀብ ዓመታት ሸራና ቀለም ስለ ጠፋ፣ ብዙ የኢራቅ ሠዓሊዎች ወደ ትንሽ ነገር ዞሩ፤ በእጅ የተሠራ መጽሐፍ ላይ መሥራት ያዙ። ሥራውን ደፍተር ይሉታል፤ የኛው ደብተር መሆኑ ነው። በደፍተሮቹ ውስጥ የዐረብኛ ፊደል አለ፣ ሥዕል አለ፤ አንዳንዶቹን ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ቀደዋቸዋል፣ ጠርዛቸውንም በእሳት አቃጥለውታል።