ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የደረጃው ደወሎች

የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ስም ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። በትምህርት ቤት ያለፍን ሁሉ፥ ከሐር መሐረብ የተሠራ መጫወቻ በክር አስሮ ወደ ደመና ሲያበርር የሚያሳየውን ሥዕል እናስታውሳለን። እኛ ግን ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ስንተርክ፥ ከታወቀው ሥዕል ይልቅ ወደ ቤቱ ገብተን ደረጃውን መመልከት መርጠናል። ዛሬ በየቤቱ ኤሌክትሪክ ሳይገድለን የምናድርበት ምሥጢር ከሰማዩ ይልቅ በዚያ ደረጃ ላይ የሚገኝ ይመስለናልና።

ፍራንክሊን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጥር ወር 1706 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፥ 17 ልጆች የወለደ ሰው ነበረ፤ ቤንጃሚንም ከእነዚሁ መካከል 15ኛው ነው። ትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ የማተሚያ ሥራ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ተሰጠ፤ ወንድሙ ይደበድበው ስለ ነበረ በ17 ዓመቱ ኮብልሎ ፊላዴልፊያ ገባ። በዚያም የማተሚያ ቤት ባለቤት ሆኖ፥ ጋዜጣና የዘመን መቍጠሪያ መጽሐፍ እያተመ ሀብት አፈራ። በ1748 ዓ.ም. ዕድሜው ገና 42 ሳለ የዕለት ሥራውን ለሸሪኩ ትቶ ሐሳቡን ወደ ኤሌክትሪክ ምርመራ መለሰ።

መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን፥ የሾለ ብረትም ሊስበው እንደሚችል ፍራንክሊን አስቀድሞ ጽፎ ነበረ። በ1752 ዓ.ም. በግንቦት ወር ፈረንሳውያን በማርሊ መንደር ረዥም ብረት አቁመው ነገሩን አረጋገጡ፤ እርሱም በሰኔ ወር መሐረቡን አበረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሳተመው የዘመን መቍጠሪያ ላይ ቤትን ከመብረቅ የማዳንን ዘዴ ለሕዝብ ገለጠ፦ የብረት ዘንግ ከቤቱ ጫፍ 6 ወይም 8 ጫማ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የታችኛው ጫፉ ደግሞ እርጥብ መሬት ውስጥ 3 ወይም 4 ጫማ ይቀበራል። ሰው ሁሉ የሚያየው የላይኛውን ጫፍ ነው፤ ቤቱን የሚያድነው ግን የተቀበረው ነው። መብረቅ ወደ ምድር የሚሄድ መንገደኛ ስለ ሆነ፥ መንገዱ ሳይቋረጥ ካገኘ በሰላም ያልፋል፤ መንገዱ ከተቋረጠበት ግን በግድግዳም በሰውም ላይ ዘሎ ይሻገራል።

ይህን ያስተማረው ሰው በራሱ ቤት ያደረገውን እንመልከት። በ1752 ዓ.ም. በመስከረም ወር ከጭስ መውጫው በላይ ብረት አቆመ፤ የላባ ብዕር የሚያህል ሽቦም ከእርሱ አያይዞ፥ በጣራው አሳልፎ፥ በደረጃው በኩል አውርዶ፥ ከውሃ መሳቢያው ብረት ጋር አገናኘው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከመኝታ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ሽቦውን ቈርጦ ለሁለት ከፈለው፤ ጫፎቹን 6 ኢንች ያህል አራርቆ በያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ ደወል አደረገ፤ በመካከላቸውም ትንሽ የናስ ድብልብል በሐር ክር አንጠለጠለ። ኤሌክትሪክ ያዘለ ደመና ባለፈ ቍጥር ድብልብሏ ከደወል ወደ ደወል እየተላተመች ታቃጭል ነበረ፤ ባለቤቱም ምርመራ ለመጀመር ይነሣ ነበረ።

አንድ ሌሊት ግን በደረጃው ላይ ከባድ የፍንዳታ ድምፅ ሰምቶ ነቃ። በሩን ከፍቶ ቢያይ ድብልብሏ መላተሟን ትታለች፤ እሳቱ ጣት የሚያህል ነጭ ጅረት ሆኖ ከደወል ወደ ደወል ይፈስሳል፤ ደረጃውም የወደቀች መርፌ እስክትታይ ድረስ እንደ ቀን በርቷል። ፍራንክሊን ይህን የጻፈው በደስታ ነው። እኛ ሚስቱን ዲቦራን ብንሆን ኖሮ ግን ደስታው ባልተጋባብንም ነበረ!

ነገሩ ጨዋታ እንዳልነበረ በ1753 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ታየ። በዚያ የነበረው ሊቅ ጆርጅ ሪክማን ከጣራው ላይ ብረት አቁሞ ሽቦውን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ነበረ፤ ከመሬት ጋር ግን አላገናኘውም። ዝናብ ሲመጣ መሣሪያውን ለማየት ቀረብ እንዳለ የእሳት ኳስ ግንባሩን መትቶ ገደለው። ከዲቦራ ቤት የሚለየው ከታች ያለው መንገድ መዘጋቱ ብቻ ነው።

ፍራንክሊን በ1757 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሲሄድ ደወሎቹ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በቤት ቀሩ። ደወሉ ማስፈራቱን በሰማ ጊዜ በ1758 ዓ.ም. ለሚስቱ መድኃኒቱን ጻፈላት፤ ከአንዱ ደወል ወደ ሌላው አንድ ሽቦ ብታስር መብረቁ ሳይጮኽና ሳይፈነዳ በጸጥታ እንደሚያልፍ ነገራት። ከዚህ ትንሽ ሽቦ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር በሕይወቱ ሙሉ ብዙ አልሠራም ብንል አንባቢ አይፍረድብን። ዛሬ በአሜሪካ ቤት ሲሸጥ የሚመረምረው ባለሙያ ከዋናው የኤሌክትሪክ ሳጥን የወጣው፥ በአገራችን ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት ሽቦ፥ መሬት ውስጥ ከተቀበረው 8 ጫማ ዘንግ ጋር መጥበቁን ያያል። ቀጥሎም ወደ ውሃ ቈጣሪው ዘወር ይላል፤ የብረቱ ቧንቧ ቈጣሪው በገባበት ቦታ እንዳይቋረጥ ግራና ቀኙን የሚያገናኝ ሽቦ መኖሩን ይፈልጋል። ይህ ሽቦ የዲቦራ ሽቦ ነው። ከሌለ፥ ኤሌክትሪክ ያፈሰሰ የውሃ ማሞቂያ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ለገዳይነት ሊያዘጋጀው ይችላል።

ፍራንክሊንም ከስሕተት መማርን አልተወም። በ1760 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ የዌስትን ቤት መብረቅ ሲመታ ቤቱ ዳነ፤ ነገር ግን እሳቱ ከዘንጉ ሥር ወጥቶ በእርጥቡ ንጣፍ ላይ ሲሠራጭ ታየ የሚል ደብዳቤ ከወዳጁ ደረሰው። በ1767 ዓ.ም. በጻፈው ምክር ዘንጉ መሬት ውስጥ ገብቶ ከግድግዳው 6 ወይም 8 ጫማ ከራቀ በኋላ እንደገና ወደ ታች እንዲታጠፍ አዘዘ፤ ይህም የመሠረቱ ድንጋይ እንዳይጎዳ ነው። ለዚህ ሥራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፤ ገንዘብም አልተቀበለበትም።

በ1776 ዓ.ም. የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ መሆኑን፥ ለአገሩም በፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ እስከ 1785 ዓ.ም. መቈየቱን ሌሎች በሰፊው ጽፈውታል። በሚያዝያ 1790 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ በፊላዴልፊያ ሞተ። ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት ቤቱን ሲያሰፋ ዘንጉ ከጣራው ወረደ። ከዚያ ቀደም አንድ ቀን ቤቱን መብረቅ መትቶት፥ ጎረቤቶች እሳት የተነሣ መስሏቸው ሮጠው ቢገቡ፥ ከቤተ ሰቡ ድንጋጤ በቀር ምንም ጉዳት አላገኙም ነበረ። ሽማግሌው የወረደውን ዘንግ አንሥቶ ቢመረምር፥ 9 ኢንች የነበረው የመዳብ ጫፍ ከሞላ ጎደል ቀልጦ አልቋል።