ኤዳ ላቭሌስ

ኤዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1815 በለንደን ከተማ ተወለደች። አባቷ ስመ ጥሩው የእንግሊዝ ባለቅኔ ሎርድ ባይረን ነበር። ሆኖም ወላጆቿ ገና በጨቅላነቷ ስለ ተለያዩና አባቷም ብዙ ሳይቈይ አገሩን ለቆ ስለ ሄደ፣ አባቷን ሳታውቅ አደገች። ሒሳብ ወዳድ የነበረችው እናቷ ልጇ የአባቷን ጠባይ እንዳትወርስ በመሥጋት፣ ገና በሕፃንነቷ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ቀጠረችላት። በ1829 ኩፍኝ ታማ ለረጅም ጊዜ መራመድ ቢሳናትም ትምህርቷን አላቋረጠችም።

በዚያ ዘመን መርከበኞችና መሐንዲሶች የሚገለገሉባቸው የቁጥር ሠንጠረዦች በእጅ ይሰሉ ስለ ነበር፣ ስሕተት አይጠፋባቸውም ነበር። ቻርልስ ባቤጅ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ይህን ለማስቀረት ሲል የሚያሰላ መኪና ለመሥራት ተነሣ። ኤዳ በ1833፣ በ17 ዓመቷ፣ ከባቤጅ ጋር ተዋውቃ የመኪናውን ናሙና ተመለከተች፤ አሠራሩንም ለመረዳት ቈረጠች። በ1835 አግብታ የሦስት ልጆች እናት ከሆነች በኋላም ዴ ሞርጋን ከተባለው ፕሮፌሰር ዘንድ ከፍተኛ ሒሳብ ተማረች።

ባቤጅ ቈየት ብሎ ከፊተኛው የላቀ፣ በተበሱ ካርዶች የሚታዘዝ መኪና ዐቀደ። ሜናብሬያ የተባለ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ በ1842 ስለዚሁ መኪና በፈረንሳይኛ ጻፈ። ኤዳ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕማ በ1843 ስታሳትም፣ ከጽሑፉ ሦስት እጥፍ ያህል የሚረዝም ማብራሪያ አከለችበት። ባቤጅ ያዘጋጀላትን የአልጀብራ ስሌት ስትመረምርም ከባድ ስሕተት አግኝታ መለሰችለት።

የማብራሪያው መጨረሻ በ25 እርምጃዎች የተከፈለ ሠንጠረዥ ነው። መኪናው የበርኑሊ ቁጥሮች የተባሉትን እንዴት እንደሚያሰላ፣ በየእርምጃው የትኛው ቁጥር እንደሚለወጥና ምን ውጤት እንደሚገኝ ያሳያል። መኪናው ገና አልተሠራም ነበርና፣ ትእዛዙ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የነበረው መንገድ እያንዳንዱን እርምጃ በእጅ መከታተል ብቻ ነበር።

እናንተም እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አራቱን እርምጃዎች ተከተሉ። ኤዳ ለምሳሌ የወሰደችው ቁጥር 4 ነው። በመጀመሪያው እርምጃ 2 በ4 ተባዝቶ 8 ይገኛል። በሁለተኛው ከ8 ላይ 1 ተቀንሶ 7 ይሆናል። በሦስተኛው በ8 ላይ 1 ተደምሮ 9 ይሆናል። በአራተኛው 7 ለ9 መካፈል ይገባዋል፤ በታተመው ሠንጠረዥ ግን ትእዛዙ ተገልብጦ 9 ለ7 እንዲካፈል ያዛል። በዚያው ረድፍ የሠፈረው ውጤት ትክክለኛ ነው፤ ትእዛዙና ውጤቱ ግን አይስማሙም። ሠንጠረዡን ለዓይን ያህል ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያስተውልም፤ በየእርምጃው ቆሞ የቁጥሮቹን ዋጋ የሚመረምር ግን ወዲያው ይደርስበታል።

ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ዲበገር በሚባል መሣሪያ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙን በአንዱ መስመር ላይ አቁመው፣ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ አይተው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋሉ። ይሆናል ብለው የገመቱትና በእርግጥ የሆነው የተለያዩበት መስመር ስሕተቱን ይጠቁማቸዋል። ስለዚህ ሥራውን ለመልመድ የምትሹ ሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠብቁትን ውጤት በወረቀት ጻፉ፤ መሣሪያው የሆነውን ያሳያል እንጂ የታሰበውን አያውቅምና።

ኤዳ በካንሰር ታማ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1852፣ በ36 ዓመቷ፣ ዐረፈች፤ በሕይወት ሳለች ባላወቀችው አባቷ አጠገብም ተቀበረች። ባቤጅ ያለመው መኪና ሳይሠራ ቀረ። በ1979 ግን አንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ በስሟ ተሰየመ። በሠንጠረዧ ውስጥ የተገኘው ስሕተት ክብሯን አይቀንሰውም፤ ሥራዋን እርምጃ በእርምጃ ገልጣ ባትጽፈው ኖሮ ማንም ሊያርመው አይችልም ነበርና።

መልመጃ

1. ኤዳ ስሌቱን በእጅ መከታተል ያስፈለጋት ለምንድን ነው?
2. በአራተኛው እርምጃ የታየው ስሕተት ምንድን ነው? እንዴትስ ሊታወቅ ቻለ?
3. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ አፈጻጸሙን በተራ ቁጥር እርምጃ በእርምጃ ጻፉ። ጓደኛችሁ አንድም ሳያልፍ ይከተለው፤ የተሳሳተበትን እርምጃ አርሙ።