ዐፄ ዓምደ ጽዮን፤ ድል አድራጊው ንጉሥና የንስሐ ጥሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደሴ ሳይደርስ የሐይቅን ውኃ ያገኛል። በዚያ ያለው የደብረ ሐይቅ ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ታላቅ የምንኵስናና የመጻሕፍት ቤት ነው። ገዳሙ ጠብቆ ካቆያቸው ቅርሶች አንዱ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቀው ወንጌል ሲሆን፣ በዚሁ ወንጌል ውስጥ የአንድ ንጉሥ የርስት ስጦታ ተመዝግቦ ይገኛል። ንጉሡ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. ከ1316 እስከ 1317 የነበረውን ዘመቻ የሚያስታውስ ነው። ዳሞትንና ሐድያን ድል ያደረገው በራሱ ጉልበት ሳይሆን እግዚአብሔር በእጁ ስለ ሰጠው መሆኑን ይናገራል፤ ለገዳሙ የተሰጠውም ርስት የዚያ ምስጋና መግለጫ ነው።

ስሙ በወንጌል መጽሐፍ ላይ የተጻፈለትን ይህን ንጉሥ የዘመኑ ቅዱሳን አባቶች አውግዘውታል። የተጠመቀ ነበር፤ በሃይማኖቱም ነቀፋ አልነበረበትም። ለቤተ ክርስቲያን ርስት ሰጥቷል፣ ስለ ክርስቲያኖችም ተዋግቷል። አባቶች ግን ይህን ሁሉ እያወቁ፣ በያዘው ኃጢአት ንስሐ ካልገባ ነፍሱ እንደምትጠፋ ፊት ለፊት ነግረውታል።

በወልድያም፣ በመርሳም፣ በሐራም ከጉባኤ በኋላ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ጊዜ አምኖ የተጠመቀ ክርስቲያን ድኅነቱን ሊያጣ ይችላልን? ንስሐ ሳይገባ ቢሞትስ ጥምቀቱና እምነቱ ያድኑታልን? አንድ ጊዜ የዳነ ሰው ከቶ አይጠፋም የሚለውን ትምህርት ከልዩ ልዩ ቦታ ስለሚሰሙ ጥያቄው ይበረታባቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ጥያቄ በመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በታሪክም መልስ አላት። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ሕይወት ከእነዚያ መልሶች አንዱ ነው።

ዓምደ ጽዮን በእኛ አገር የሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1270 የመለሰው የዐፄ ይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1314 ዐፄ ውድም አርዕድን ተክቶ ነገሠ፤ የመንግሥቱም ስም ገብረ መስቀል ተባለ። በሠላሳ ዓመት ዘመነ መንግሥቱ ግዛቱን ወደ ደቡብም ወደ ምዕራብም አሰፋ። በሰሜን በእንደርታ የተነሣበትን ዐመፅ አጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1332 ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕልም ለአገራችን የታሪክ ጽሑፍ ትልቅ ቅርስ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዜና መዋዕል ንጉሡ ወደ ጦርነት ሲወጣ የሚጸልይ፣ በእግዚአብሔር የሚታመን፣ ከሠራዊቱ ፊት የሚቀድም ጀግና ሆኖ ይታያል።

በግብፅ አብያተ ክርስቲያናት በፈረሱና ክርስቲያኖች በተጨነቁ ጊዜም ዝም አላለም። ለካይሮው ሱልጣን ለአን-ናስር ሙሐመድ መልእክተኞች ልኮ የፈረሱት እንዲሠሩ ጠየቀ፤ ይህ ካልሆነም በአገሩ ባሉት ሙስሊሞች ላይ ብድሩን እንደሚመልስ፣ የዓባይንም ውኃ እንደሚያግድ ማስፈራራቱን የግብፅ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዛቻው በክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ሲመዘን የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሆኖም የንጉሡ ቅንዓት እስከ ምን ድረስ እንደ ነበረ ያሳያል። በዘመኑ ከነበሩት ክርስቲያን ነገሥታት መካከል ስለ ቤተ ክርስቲያን ያን ያህል የደፈረ ብዙ አልነበረም።

ገድላትና አጭሩ ዜና መዋዕል ግን ሌላውንም ገጽ አልሸሸጉም። ንጉሡ የአባቱን ሚስት ወሰደ፤ አንዳንዶቹ ቁባቱን ይላሉ። ከእኅቶቹም ጋር እንደ ወደቀ የሚናገሩ አሉ። ነገሩ በሥውር የተደረገ የአንድ ቀን ስሕተት ቢሆን ኖሮ ለነፍስ አባቱ ተናዞ ቀኖናውን በተቀበለ ነበር። የንጉሡ ግን በአደባባይ የታወቀ፣ እንደ ጋብቻም ተቈጥሮ የሚኖርበት ኃጢአት ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን የአባትን ሚስት መግለጥን ከከባድ ርኵሰት ይቈጥረዋል፤ በሐዲስ ኪዳንም ቅዱስ ጳውሎስ ይህን የመሰለ ነገር በአሕዛብ ዘንድ እንኳ እንደማይሰማ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል።

የደብረ ጽጋጃው አቡነ አኖሬዎስ ይህን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ በጾምና በጸሎት የታወቁ መነኵሴ ነበሩ። ወደ ንጉሡ ቀርበው ገሠጹት፤ ሴቲቱን እንዲተው፣ ንስሐም እንዲገባ አሳሰቡት። አልሰማም ባለ ጊዜ አወገዙት። ንጉሡም ተቈጥቶ ጻድቁን በአደባባይ አስገረፋቸው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው በዚያው ቀን በንጉሡ ከተማ እሳት ተነሥቶ ብዙ አቃጠለ፤ ሕዝቡም የጻድቁ ደም እሳት ሆኖ እንደ ተነሣ አመነ። ንጉሡ ግን እሳቱን የለኰሱት መነኰሳቱ ናቸው ብሎ ወደ ደምቢያና ወደ በጌምድር አሳደዳቸው።

ከገሠጹት መካከል በወሎ ምድር የጋሥጫው አባ በጸሎተ ሚካኤልም ይገኙበታል። ጋሥጫ በኋላ የአባ ጊዮርጊስ መጠሪያ ሆኖ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ቦታ ነው። አባ በጸሎተ ሚካኤል ንጉሡን ብቻ ሳይሆን የቤተ ክህነቱንም ሰዎች ስለ ድክመታቸው የተናገሩ፣ ለዚህም ስደትን የተቀበሉ አባት ናቸው። የደብረ አስቦው፣ ማለትም የኋላው ደብረ ሊባኖስ አበ ምኔት አቡነ ፊልጶስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1337 አካባቢ ከግብፅ ከመጡት ከጳጳሱ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሆነው ስብከተ ወንጌልን ያስፋፉ፣ ስለ ነገሥታቱ ጋብቻም በግልጥ የተናገሩ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ለንጉሡ ቅርብ ነበር። ቤተ መንግሥት ለገዳማት ርስት ይሰጣል፤ ገዳማትም ለንጉሡ ይጸልያሉ። እንዲህ በተሳሰረ ኑሮ ውስጥ የሰጪውን ኃጢአት መናገር ከባድ ነው። ዛሬም በአንዳንድ አጥቢያ ጣሪያውን ያለበሰ፣ ደወሉን የገዛ ባለ ጸጋ በግልጥ ቢበድል ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። አኖሬዎስና ፊልጶስ አንገታቸውን ያልደፉት ንጉሡን ስለ ጠሉ አልነበረም።

ውግዘት ምን እንደ ሆነ ስላልተረዳን ብዙዎቻችን እንደ ቂም መወጫ እንመለከተዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የአባቱን ሚስት ያገባውን ሰው ከማኅበረ ምእመናን እንዲለይ ሲያዝ፣ ዓላማው በጌታ ቀን ነፍሱ እንድትድን መሆኑን አብሮ ተናግሯል። የንጉሡ ኃጢአትና የዚያ የቆሮንቶስ ሰው ኃጢአት አንድ ነው፤ አባቶችም ያደረጉት ያንኑ ነው። ሰውዬው የተጠመቀ፣ ከምእመናን ጋር የሚቈጠር ነበር። ድኅነቱ ሊጠፋ የማይችል ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ነፍሱ እንድትድን ሲል ያን ያህል መጨነቅ ባላስፈለገው። በሁለተኛው መልእክቱ ደግሞ የተቀጣው ሰው ከመጠን ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት አዘዘ፤ ብዙ መተርጕማንም ይህ ያው ሰው ነው ይላሉ። ተለየ፣ አዘነ፣ ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያን ግዝት መንገዱ ይህ ነው።

ስለ ጥምቀትም ግልጥ መሆን ያለበት ነገር አለ። ጥምቀት ልደት ስለ ሆነ አይደገምም፤ ኃጢአት የሠራ ክርስቲያን እንደ ገና አይጠመቅም። ነገር ግን ከቤት የወጣውን የታናሹን ልጅ ምሳሌ እናስብ። ሩቅ አገር ሄዶ እሪያ ሲጠብቅ ልጅነቱ አልተሻረም፤ ሲመለስ አባቱ እንደ ባሪያ አልተቀበለውም። ሆኖም አባቱ ስለዚያ ዘመኑ ሲናገር ሞቶ እንደ ነበር፣ ጠፍቶም እንደ ነበር ነው የተናገረው። ልጅነቱ እያለ እንጀራ አጥቶ ይራብ ነበር። ባይመለስ ኖሮ በረሃብ በሞተ ነበር፤ የአባቱ ቤት ጥጋብም ባላዳነው ነበር።

ስለዚህ ድኅነትን የሚያሳጣው መውደቅ ብቻውን አይደለም። ቅዱስ ዳዊት በዝሙትም በነፍስ ግድያም ወድቋል። ነቢዩ ናታን በምሳሌ ሲገሥጸው ግን ዙፋኑን መከታ አላደረገም፤ ነቢዩንም አላስገረፈም። ሄሮድስ በአንጻሩ የወንድሙን ሚስት ስለ መውሰዱ የገሠጸውን ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅን አሰረው፤ በኋላም አንገቱን አስቈረጠው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ቆሞ ነበር። ጅራፉ በአቡነ አኖሬዎስ ጀርባ ላይ ባረፈ ጊዜ ወደ የትኛው መንገድ እንዳዘነበለ ለማንም ግልጥ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ጻድቅ ከጽድቁ ተመልሶ በኃጢአቱ ቢሞት የቀደመው ጽድቁ እንደማይታሰብለት፣ ኃጥእም ከኃጢአቱ ቢመለስ የቀደመው በደሉ እንደማይቈጠርበት አስተምሯል። ለንጉሡ ይህ ማለት የሐይቁ ስጦታ፣ የይፋቱ ድል፣ ለግብፅ ክርስቲያኖች የላከው መልእክት ሁሉ ለንስሐ ምትክ አይሆንም ማለት ነው።

በእኛም ዘንድ ምትክ መፈለግ ብርቅ አይደለም። አንዱ ዝክር ያዘክራል፣ ሌላው ስእለት ያስገባል፣ ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፤ ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን የሰው ሚስት በቤቱ አኑሮ፣ የወንድሙን መሬት ነጥቆ ሳይመልስ፣ በደም ተቃብቶ ሳይታረቅ ይህን የሚያደርግ ሰው በስጦታው ራሱን ያታልላል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ እየጠቀሰ፣ ጥርኝ ውኃ ካዳነው እኔማ እንዴት አልድንም የሚል ሰውም በየሰፈሩ አይጠፋም። የእመቤታችን አማላጅነት እውነት ነው። ታሪኩ ግን የተጻፈው ተስፋ ለቈረጠ ኃጥእ ተስፋ እንዲሆን ነው፤ ኃጢአቱን በዕቅድ ለሚያራዝም ሰው መጽናኛ አይደለም። ብዙዎች ንስሐንና ሥጋ ወደሙን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ትተው የጕልማሳነታቸውን ዘመን ያለ ነፍስ አባት ምክር ያሳልፋሉ። ሞት ደግሞ ሽበትን አይጠብቅም፤ በዚህ በሰሜን ወሎ ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ የተቀጠፉትን ወጣቶች የቀበርን ሁሉ ይህን እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ፍትሐት ታደርጋለች፣ ስለ እነርሱም ትለምናለች፤ ፍትሐት ግን በሕይወት ሳለ ንስሐን በናቀ ሰው ፈንታ የሚናዘዝለት አይደለም።

የተሰደዱት መነኰሳት በሄዱበት ሁሉ አስተማሩ። ስደታቸው በዚያ ዘመን ወንጌል ያልደረሰባቸውን አካባቢዎች ለስብከት ከፈተ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1344 ዐረፈ፤ ልጁ ዐፄ ሰይፈ አርዕድ ነገሠ። ጉዳዩ ግን በእርሱም ዘመን አላበቃም። ገድላት እንደሚተርኩት አዲሱ ንጉሥ ከአንድ በላይ ሚስቶችን በመያዙ አቡነ ያዕቆብና አቡነ ፊልጶስ እንደ አባቱ ገሠጹት። ጳጳሱ ወደ ግብፅ እንዲመለሱ ተደረገ፤ አቡነ ፊልጶስም ከቦታ ወደ ቦታ ተሰደው በስደት ዐረፉ። ዐፅማቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ የተመለሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በዐፄ ዓምደ ጽዮን ነፍስ ላይ ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የመጨረሻዋን ሰዓት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴም የዳነው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። እኛ የምናውቀው አባቶች ለንጉሡ የሰጡትን ምክር ነው። ያ ምክር ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም፣ ለካህኑም ያው ነው፤ ሴቲቱን ልቀቅ፣ የነጠቅኸውን መልስ፣ ወደ ነፍስ አባትህ ሂድ፣ ቀኖናህን ፈጽመህ ወደ ቅዱስ ቍርባን ቅረብ የሚል ነው። ንጉሡን ይህን በማለታቸው የተገረፉት የአቡነ አኖሬዎስ መታሰቢያ መስከረም 18 ቀን ይከበራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።