በወርቅ የተከበበ አፋፍ፦ የጉስታቭ ክሊምት ሕይወትና የ«መሳም» ሥዕል የፍቅር እሳቤ

ጉስታቭ ክሊምት እ.ኤ.አ. በ1862 በቪየና አጠገብ በነበረችው ባውምጋርተን ተወለደ። አባቱ በወርቅ ላይ ጌጥ የሚቀርጽ ባለ እጅ ቢሆንም ሰባት ልጆቹን ከችግር ማውጣት አልቻለም። በመሆኑም ወርቅ በክሊምት የልጅነት ቤት የሥራ ዕቃ እንጂ የሀብት ምልክት አልነበረም።

በ1892 አባቱና የሙያ ባልደረባው የነበረው ወንድሙ ኤርንስት ሞቱ። የኤርንስት ሚስት እህት የሆነችው ኤሚሊ ፍሎገ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የቅርብ ወዳጁ ሆነች፤ ይሁንና አላገባትም፤ ልጆችም የወለደው ከሌሎች ሴቶች ነው። ለቪየና ዩኒቨርሲቲ የሣላቸው ሦስት የጣሪያ ሥዕሎች ከመምህራኑ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠማቸው በ1905 ውሉን አፍርሶ የተቀበለውን ገንዘብ መለሰ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1903 ራቬናን ጎብኝቶ የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያንን የባይዛንታይን ሞዛይኮች ተመልክቶ ነበር። በእነዚያ ሥራዎች የወርቁ መደብ ቅዱሳንንና ነገሥታትን ከምድራዊ ስፍራና ጊዜ ይለያል። ክሊምት ይህንኑ ክብር ለሁለት ስም የለሽ ፍቅረኞች ሰጠ። በ1907 እና በ1908 የተሣለው «መሳም» ቁመቱም ወርዱም 180 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዘይት ቀለም ሌላ በስሱ የተቀጠቀጠ ወርቅ፣ ብርና ፕላቲኒየም ይዟል። የወንዱን ካባ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ አራት ማዕዘኖች፣ የሴቲቱን ልብስ ደግሞ ክብ ክብ ኅብረ ቀለም አበቦች ሞልተውታል፤ አንድ ወርቃማ ዙሪያ ቢከባቸውም ልዩነታቸው አልጠፋም። የወንዱ ፊት ከሞላ ጎደል የተሰወረ በመሆኑ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፈው ዓይኖቿን በከደነችው ሴት ፊት ላይ ነው። ሥዕሉ የፍጹም ውሕደት ምሳሌ ተደርጎ በብዛት ይወሰዳል። የታችኛው ክፍል ግን ይህን አያጸናም። በአበባማው መስክ ላይ የተንበረከከችው ሴት የእግር ጣቶች በመስኩ ጠርዝ ላይ ተቆልምመው ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ መሬት የለም። ወርቁ ጥንዶቹን ከዓለም ቢለያቸውም ከአፋፉ አላራቃቸውም።

ጥንዶቹ ክሊምትና ኤሚሊ ናቸው የሚለው አስተያየት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሠዓሊው ፊቱን የደበቀውን ወንድ ራሱ ነው ብሎ መደምደም ሥዕሉ ከሚሰጠው ማስረጃ ያልፋል።

መንግሥት በ1908 «መሳም»ን ገና ሳይጠናቀቅ በ25,000 ክሮነን ገዛው። ክሊምት በፌብሩዋሪ 1918 በ55 ዓመቱ ቪየና ውስጥ አረፈ። የዩኒቨርሲቲው ሦስት ሥዕሎች በ1945 በኢመንዶርፍ ግንብ ቃጠሎ ሲጠፉ «መሳም» ግን በቪየናው ቤልቬዴሬ ቤተ መዘክር ይገኛል።