ፍራንሲስ ፐርኪንስ፦ የሥራ አጥነት መድንን ሕግ ያደረጉት የሠራተኛ ሚኒስትር

በአሜሪካ ያለ ራሱ ጥፋት ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት አመልክቶ ለተወሰኑ ሳምንታት የገቢ ድጋፍ የሚያገኘው በምጽዋት ሳይሆን በሕግ በተደነገገ መብት ነው። ይህ መብት ሕግ እንዲሆን ከሁሉ ይልቅ ከደከሙት ሰዎች መካከል አንዷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ዛሬ አመልካች የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ከምን እንደ መነጩ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ፍራንሲስ ፐርኪንስ ኤፕሪል 10 ቀን 1880 በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ ተወለዱ። ያደጉት በዚያው ግዛት በዉስተር ከተማ ሲሆን አባታቸው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነበሩ። በማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምረው በ1902 ተመረቁ። በኮሌጁ ሳሉ የኢኮኖሚ ታሪክ መምህርታቸው ተማሪዎችን ወደ አካባቢው ፋብሪካዎች እየላኩ የሠራተኛውን ኑሮ በዓይናቸው እንዲያዩ ያደርጉ ነበር። ድህነት የስንፍና ውጤት ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰፈነበት በዚያ ዘመን ወጣቷ ተማሪ የተገነዘቡት ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን አደጋ ወይም በአንድ ሳምንት የሥራ መቋረጥ ምክንያት ታታሪ ቤተሰብም ሊወድቅ ይችል ነበር።

ከምረቃ በኋላ በመምህርነት ሠሩ፤ በቺካጎ ስደተኞችን በሚረዳው በሃል ሃውስ በበጎ ፈቃድ አገለገሉ። በ1910 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ።

የ1911 ቃጠሎ

ማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው የነበረው ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ፎቅ ሲሆን የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከስድስተኛው ፎቅ በላይ አልደረሰም። የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። በአቅራቢያው የነበሩት ፐርኪንስ ሠራተኞች ከመስኮት ሲወድቁ ቆመው አዩ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካዎችን ደኅንነት በሚመረምረው የግዛቱ ኮሚሽን ውስጥ ሠሩ፤ በ1912 የሴቶችን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ54 እንዳይበልጥ የወሰነው ሕግ እንዲጸድቅ ታገሉ።

በ1913 ፖል ዊልሰንን አገቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ባለቤታቸው በአእምሮ ሕመም ለረጅም ዘመን በመታመማቸው የቤተሰቡ መተዳደሪያ በእርሳቸው ደመወዝ ላይ ወደቀ። ገቢ ሲቋረጥ አንድ ቤት ምን ላይ እንደሚደርስ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን

በ1919 የኒው ዮርክ ገዥ አል ስሚዝ በግዛቱ የኢንዱስትሪ ኮሚሽን ውስጥ ሾሟቸው። በ1929 ደግሞ ገዥው ፍራንክሊን ሩዝቬልት የግዛቱ የኢንዱስትሪ ኮሚሽነር አደረጓቸው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በጀመረ ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ እየጨመረ ነው ብሎ ሲያስታውቅ፣ ፐርኪንስ የግዛታቸውን አኃዝ ይዘው ሥራ አጥነቱ እየባሰ መሆኑን በይፋ ገለጹ። በ1931 ወደ ብሪታንያ ተጉዘው ከ1911 ሕግ ጀምሮ የተገነባውን የሥራ አጥነት መድን መረመሩ።

በ1933 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን የተመረጡት ሩዝቬልት የሠራተኛ ሚኒስትር እንዲሆኑ ሲጠይቋቸው፣ ሹመቱን ከመቀበላቸው በፊት ሊሠሩ ያሰቡትን ዘርዝረው አቀረቡ። በዝርዝሩ ውስጥ የሥራ አጥነት መድን፣ የአረጋውያን ጡረታ፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሕፃናት ጉልበት ክልከላና የጤና መድን ይገኙ ነበር። ሩዝቬልት በዚህ ተስማሙ፤ ፐርኪንስም በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል ሆኑ። በዚያ ዓመት ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር።

ሕጉ እንዴት ተዘጋጀ

በ1934 ፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ ዋስትና ኮሚቴን አቋቁመው ፐርኪንስን ሰብሳቢ አደረጉ። ከፊታቸው የነበረው ከባድ እንቅፋት ሕገ መንግሥታዊ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌዴራላዊ መድንን ከሥልጣን በላይ ነው ብሎ ሊሽረው ይችል ነበርና። የተገኘው መፍትሔ በግብር ሥልጣን ላይ ተመሠረተ። የፌዴራሉ መንግሥት በአሠሪዎች ላይ የደመወዝ ግብር ይጥላል፤ ግዛቱ የራሱን የሥራ አጥነት መድን ሕግ ካወጣ ግን አሠሪው ለግዛቱ የከፈለው እስከ 90 በመቶ ድረስ ከፌዴራሉ ግብር ይታሰብለታል። ስለዚህ ሕግ ያላወጣ ግዛት የአሠሪዎቹ ገንዘብ ለራሱ ሠራተኞች ሳይጠቅም ይወጣበት ነበር።

የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ኦገስት 14 ቀን 1935 ተፈረመ። የመጀመሪያው የሥራ አጥነት ክፍያ በ1936 በዊስኮንሲን ግዛት ተከፈለ፤ በ1937 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና፤ በዚያው ዓመትም ሁሉም ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ አውጥተው ጨረሱ።

ሕጉ ግን ሁሉንም አልሸፈነም። በመጀመሪያ የጸናው ስምንትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሏቸው አሠሪዎች ላይ ነበር፤ የእርሻና የቤት ውስጥ ሠራተኞችም ከጥበቃው ውጭ ቀሩ። በደቡብ ግዛቶች ከነበሩት ጥቁር ሠራተኞች እጅግ ብዙዎቹ በእነዚህ ሥራዎች የተሰማሩ በመሆናቸው ጉዳቱ በእነርሱ ላይ በረታ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በሕጉ ውስጥ የተካተቱት በ1976 በወጣው ማሻሻያ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፐርኪንስ በ1938 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በሰዓት 25 ሳንቲም አድርጎ የጀመረው ሕግ እንዲወጣ አደረጉ። ያን ጊዜ የኢሚግሬሽን ጉዳይ በእርሳቸው ሚኒስቴር ሥር ስለነበረ ከናዚ ጀርመን የሚሸሹ ሰዎችን ለማስገባት ጥረዋል። አንድ ስደተኛ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ከአገር እንዲባረር ባለማድረጋቸው በ1939 በምክር ቤት የክስ ሐሳብ ቀረበባቸው፤ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ግን ክሱን ሳይቀበል ቀረ። እስከ 1945 ለ12 ዓመታት በሚኒስትርነት አገለገሉ። ከዝርዝራቸው ሳይፈጸም የቀረው ዋና ነገር የጤና መድን ነበር። በኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ሜይ 14 ቀን 1965 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። በዋሽንግተን የሚገኘው የሠራተኛ ሚኒስቴር ሕንፃ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ሥርዓት ዛሬ ለአመልካች ምን ማለት ነው

ሕጉ በግዛቶች በኩል እንዲሠራ ስለተቀረጸ የክፍያው መጠንና ዝርዝር መስፈርቱ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ማመልከቻ የሚቀርበው በአብዛኛው ለሠሩበት ግዛት ነው። በሜሪላንድ እየኖረ በቨርጂኒያ የሠራ ሰው ስለ ማመልከቻው ቨርጂኒያን ይጠይቃል።

ጥቅሙ መድን በመሆኑ ሁለት ነገሮች ይመረመራሉ። አንደኛው ከሥራ የተለዩበት ምክንያት ነው። ሥራ በመቀነሱ የተሰናበተ ሠራተኛ ይህን መስፈርት ያሟላል፤ በከባድ ጥፋት የተባረረ ወይም ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ የለቀቀ ግን ሊከለከል ይችላል። ሁለተኛው በመነሻው ጊዜ የተገኘ ደመወዝ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ይህ ጊዜ ከማመልከቻው በፊት ከተጠናቀቁት አምስት ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው። ዜጋ ያልሆነ አመልካች ደመወዙን ሲያገኝም ሆነ ሲያመለክት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በመደበኛው ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም። ሆኖም አሠሪው ሠራተኛውን የግል ተቋራጭ ብሎ ስለጠራው ብቻ ጉዳዩ አያበቃም፤ ግዛቱ እውነተኛውን የሥራ ግንኙነት መርምሮ ይወስናል።

ሥራ ባጡ ጊዜ ሳይዘገዩ ያመልክቱ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን፣ የቀድሞ አሠሪዎችዎን ስምና አድራሻ፣ የሠሩባቸውን ቀናትና የተለዩበትን ምክንያት አዘጋጅተው ይያዙ። ከዚያም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለመሥራት ብቁና ዝግጁ መሆንዎን፣ ሥራ መፈለግዎንና በዚያ ጊዜ ያገኙት ገቢ ካለ መጠኑን ያሳውቁ። ትንሽ ገቢም ቢሆን ያልተገለጸ እንደሆነ ክፍያውን እስከ መመለስና እስከ ቅጣት ያደርሳል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ክፍያው እስከ 26 ሳምንታት ሲዘልቅ በአንዳንዶቹ ያጥራል። ገንዘቡ የፌዴራል ገቢ ግብር ስለሚከፈልበት ግብሩ አስቀድሞ እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል።

ማመልከቻዎ ውድቅ ከተደረገ ይግባኝ የማለት መብት አለዎት። ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ የውሳኔውን ደብዳቤ እንደደረሰዎ ያንብቡ፤ ይግባኙ እስኪታይም ሳምንታዊ ማረጋገጫውን አያቋርጡ። ደብዳቤው በማያነቡት ቋንቋ ከመጣ ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ የቋንቋ እርዳታ ይጠይቁ፤ በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ በከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለማመልከትም ሆነ ይግባኝ ለማለት መንግሥት ክፍያ አይጠይቅም፤ ማመልከቻዎን አስገባልዎታለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው የግል መረጃዎን አይስጡ።