ዛጎሎችን በስም የለየው ካሮሎስ ሊኒየስ



ባለፈው ክረምት አያቴን ለመጠየቅ ከአዋሽ ተነሥቼ ሰመራ ሄጄ ነበር። አያቴ የወተት ዕቃ የሚያንጠለጥሉበት አሮጌ የቆዳ ማንገቻ አላቸው። በጫፉም ጀርባቸው ያልተቈረጠ ጥቂት ዛጎሎች ታስረውበታል። እኔ ሁሉንም እንደ አንድ ዓይነት ስቈጥራቸው፥ አያቴ ግን በጣታቸው እየዳሰሱ ለሁለት ለዩአቸው። አንደኛው ጀርባው ለስላሳ ሆኖ እንደ ወርቅ ቀለበት ያለ መስመር የዞረበት ነው፤ ሁለተኛው ዳር ዳሩ ጕብጕብ ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።

አዋሽ ወንዛችን ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ ዛጎሉ ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደርሷል። ይህን እያሰብሁ ወደ ቤቴ ተመልሼ መጽሐፍ ስመረምር፥ ለሁለቱም ስም ያወጣላቸው በባዮሎጂ ትምህርታችን የምናውቀው ካሮሎስ ሊኒየስ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ሊኒየስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1707 ዓ.ም. በስዊድን አገር፥ ሮስሁልት በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ አትክልት የሚወድ ቄስ ነበር። ልጁን ለክህነት ቢያስተምረውም መምህራኑ ለዚህ ትምህርት የማይሆን መሆኑን ነገሩት። ሮትማን የተባለ ሐኪምና መምህር ግን የልጁን ዝንባሌ አይቶ ወደ ሕክምናና ወደ ዕፀዋት ትምህርት መራው። በ1732 ዓ.ም. ላፕላንድ የሚባለውን የሰሜን አገር ዞረ፤ በ1735 ዓ.ም. በሆላንድ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1741 ዓ.ም. የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ከእርሱ በፊት ሊቃውንት አንዱን ፍጥረት በረዥም የላቲን ሐረግ ይጠሩት ስለ ነበር፥ የአንዱን አገር ሊቅ የሌላው አገር ሊቅ ለመረዳት ይቸገር ነበር። ሊኒየስ ለእያንዳንዱ ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ፤ የመጀመሪያው የወገኑ፥ ሁለተኛው የራሱ ነው። ዕፀዋትን በ1753 ዓ.ም.፥ እንስሳትን በ1758 ዓ.ም. በዚህ ሥርዓት ጻፈ። ዛጎሎችንም ሲፕሬያ በሚባል ወገን ሰብስቦ፥ ባለ ጕብጕቡን ሞኔታ፥ ማለት ገንዘብ፥ ባለ መስመሩንም አኑሉስ፥ ማለት ቀለበት አለው። ዛሬ ሊቃውንት ሁለቱን ሞኔታሪያ ወደሚባል ወገን ቢያዛውሯቸውም፥ ሊኒየስ የሰጣቸው ሁለተኛው ስም አልተለወጠም።

ሊኒየስ ግን ዛጎል ወደሚኖርበት ሞቃት ባሕር ሄዶ አያውቅም። የመረመረው በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ የመጣውን ነው፤ የስዊድን ንግሥት ሉዊዛ ኡልሪካ ያከማቸችውንም የዛጎልና የቀንድ አውጣ ስብስብ መርምሮ ጽፏል። ተማሪዎቹንም ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ፔተር ፎርስኮል በ1761 ዓ.ም. ከዴንማርክ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር ተነሥቶ የቀይ ባሕርን ዓሣና ሌሎች እንስሳት ሲሰበስብ፥ በ1763 ዓ.ም. በየመን በወባ ሞተ። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። ከስድስቱ ተጓዦች በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፥ የሟቹን ጽሑፍ በ1775 ዓ.ም. አሳተመለት። ወባ ምን እንደ ሆነ ለምናውቅ ለአዋሽ ሸለቆ ልጆች፥ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ልደብቀው የማልችለውን ልናገር። ሊኒየስ ዛጎሎቹን በለየበት በዚያው በ1758 ዓ.ም. መጽሐፍ፥ የሰውን ልጅ በአራት ክፍል መድቦ ለአፍሪካ ሕዝብ ስንፍናንና ግዴለሽነትን ጠባዩ አድርጎ ጻፈ። በዚያ ዘመን ሞኔታ ያለው ዛጎል ከማልዲቭ ደሴቶች በመርከብ እየተጫነ፥ በምዕራብ አፍሪካ ለሰው መግዣ ይከፈል ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ታሪኩን መጻፍ ልተው ነበር። በኋላ ግን አሰብሁበት። ሊኒየስ ዛጎሉን በእጁ ይዞ፥ ጀርባውንና ጥርሱን አይቶ ስለ ጻፈ ቃሉ እስከ ዛሬ ጸንቷል። አፍሪካን ግን አላያትም፤ በወሬ ስለ ጻፈ ቃሉ ወደቀ። የፈረደበት የራሱ ሥርዓት ነው።

ሊኒየስ በ1778 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ በኡፕሳላ ሞተ።

ዳግመኛ ሰመራ በሄድሁ ጊዜ፥ ባለ መስመሩ ዛጎል ስሙ በላቲን ቀለበት መሆኑን ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴም ሳቁና፥ ቀለበቱን እርሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩት መሆኑን ነገሩኝ። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ስለ ማንኛውም ነገር፥ ይልቁንም ስለ ሰው፥ ስም ከማውጣታችን በፊት ቀርበን እንይ።