የለንደንን ጎዳናዎች በመጽሐፍ ያኖሩት ሴት

ፊሊስ ፒርሳል እ.ኤ.አ. በ1906 በለንደን ተወለዱ። ከሃንጋሪ የፈለሱት አባታቸው ካርታ አሳታሚ ነበሩ። የአባታቸው ድርጅት በኪሳራ ሲወድቅ ቤተሰቡ ተበተነ፤ ፊሊስም ትምህርታቸውን አቋርጠው ገና በልጅነታቸው ራሳቸውን ለማስተዳደር ተገደዱ። ኋላም ሠዓሊ ሆኑ።

በ1936 የጎዳና ካርታ የሚያሳትም ኩባንያ መሠረቱ። «ኤ ቱ ዜድ» የተሰኘው መጽሐፋቸው የከተማይቱን ጎዳናዎች በፊደል ተራ እየዘረዘረ እያንዳንዱ በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ያመለክታል። ለዚህ ሥራ 23,000 ጎዳናዎችን በእግራቸው ዞረዋል የሚለውን ዝነኛ ትረካ አንዳንድ የካርታ ታሪክ አጥኚዎች አይቀበሉትም። መጽሐፉ ግን ለንደን ለገባ እንግዳም ሆነ ለነዋሪው የማይለይ መሪ ሆነ።

የአባታቸውን ውድቀት ያልዘነጉት ፊሊስ፣ ኩባንያው በሌሎች ተገዝቶ ሠራተኞቹ እንዳይበተኑ ሰጉ። ስለዚህም በ1966 የነበራቸውን ድርሻ ለሠራተኞቹ ጥቅም ለቆመ የባለአደራ ተቋም አስተላለፉ። በ1996 ሲያርፉ ያቆሙት ድርጅት ሥራውን አላቋረጠም። አባት ያጡትን ልጅ መልሳ ገነባች፤ የገነባችውንም ለራሷ አላስቀረችም።